ከመንደርደሪያው መሃል

የረዳት አብራሪው የሶሄይ ሚስት ቺዙሩ እንደምትለው፣ ባሏ ካፒቴኑን አስጠንቅቆ ነበር። ካፒቴን ሂሮቤ እንደሚለው ደግሞ፣ ረዳት አብራሪው አንዳች አልተቃወመውም። ሁለቱም የሰሙት ግን አንዱን ቅጂ ነው፤ ከባሕር ከወጣው የድምፅ መቅጃ የተገኘውን። የሶሄይ አባት ሽማግሌው ጌንዞ፣ ልጁ ከሞተ ወዲህ በእነዚህ በሁለቱ ቃሎች መሃል ተቀምጦ ከርሟል።

አውሮፕላን ሁልጊዜ ባለ በሌለ ጉልበቱ አይነሳም። ሞተሩ ቶሎ እንዳያረጅ፣ ክብደቱና የመንደርደሪያው ርዝመት ተሰልቶ የሚበቃው ያህል ኃይል ብቻ ይሰጠዋል። የዚያን ቀን ስሌቱ የተሠራው ከመንደርደሪያው ጫፍ ለመነሳት ነበር። ከኋላ ሌሎች ተሰልፈው ስለነበር ግን የመቆጣጠሪያው ማማ «ከመሃል ገብታችሁ ብትነሱስ?» ሲል ጠየቀ፤ ካፒቴኑም እሺ አለ። የሚንደረደሩበት መንገድ ቢያጥርም ስሌቱን መልሶ የሠራ አልነበረም።

በቅጂው ላይ የሶሄይ ድምፅ ይሰማል።

«ካፒቴን፣ ቁጥሩ እኮ ከጫፍ ለመነሳት... ትንሽ...»

«ምን አልክ?»

«ኧረ ምንም አይደል።»

አውሮፕላኑ መሬት የለቀቀው አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ነው። ጭራው የባሕሩን መከላከያ ግንብ መታና አውሮፕላኑ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ሶሄይና አሥራ አንድ መንገደኞች አልተረፉም።

የአደጋው አጣሪ ጉባኤ የመጨረሻውን ቃል ሊሰማ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሂሮቤ በምርኩዝ እያነከሰ ጌንዞ ደጅ ደረሰ። ቺዙሩ በሩን ከፍታ ስታየው መልሳ ልትዘጋው ቃጣት።

«ደግሞ ምን ቀረዎት? የቀረን ሰው ያለ መሰለዎት?»

«ይግባ» አለ ጌንዞ ከውስጥ።

«እርስዎ ደግሞ አባባ፣ ለሁሉም ይግባ ነው!»

ሂሮቤ እግሩ አልታጠፍ እያለው እንደምንም ተንበረከከ፤ ግንባሩም ምንጣፉን ነካ።

«ነገ ቃሌን እለውጣለሁ» አለ። «ሶሄይ በግልጽ አስጠንቅቆኛል፣ የናቅሁት እኔ ነኝ እላለሁ። እኔ እንደሆነ ከእንግዲህ አልበርም። ልጁ ሚኦ የአባቷን ስም ቀና ብላ ትጥራው።»

ቺዙሩ አፏን በእጇ ያዘች። «ሰሙ አባባ? ሰሙ?»

ጌንዞ ሰምቷል። ዕድሜውን የፈጀው ባቡር ሲነዳ ነው። ምልክት ባየ ቁጥር፣ ብቻውን እንኳ ቢሆን፣ በጣቱ እያመለከተ ጮክ ብሎ ይጠራው ነበር፤ የሥራው ሕግ ነው። ቤት ውስጥ ግን ሌላ ሕግ ነበረው። ሶሄይ ልጅ ሳለ ማዕድ ላይ አጎቱን «አይደለም፣ ያ አውሎ ነፋስ የመጣው አምና ነው» ብሎ ሲያርመው፣ ጌንዞ ወደ ውጭ ጠርቶ ገሠጸው። «ልክ መሆንህን እኔም አውቃለሁ። ትልቅ ሰው ግን እንዲህ አይባልም። ጀምርና ተወው፤ የሚገባው ይገባዋል።» ልጁ ጨዋ ነበር፤ ሁለተኛ አላስቸገረም።

«ካፒቴን» አለ ጌንዞ፣ «ያን ቀን ‹ትንሽ› ሲልዎት ምን መሰለዎት?»

«ምንም አልመሰለኝ። ምንም አይደል ሲለኝ አመንኩት።» ሂሮቤ ቀና አላለም። «እኔም በወጣትነቴ እንደዚያው ነበርኩ። ለአለቆቼ ግማሹን ብዬ ግማሹን እውጠዋለሁ። ዕድል ሆኖ አንዱም አልገደለኝም።»

«አስጠንቅቆኛል ካሉ እኮ፣ ጥፋቱ የአንድ ካፒቴን ትዕቢት ነው ይባልና ይዘጋል።»

«ይዘጋ። እኔም የምፈልገው እሱን ነው።»

«ዛሬ በሶሄይ ወንበር የተቀመጠው ልጅስ? ግማሹን እየዋጠ ይብረር?»

ቺዙሩ ያቀረበችውን የመንደሪን ሳህን መልሳ አነሳችው።

«በሌላ ሰው ልጅ ምን አገባን?» አለች። «እኔ የማሳድገው ሚኦን ነው! ትምህርት ቤት ‹የዚያ የዝምተኛው ልጅ› ሲሏት፣ እርስዎ ሄደው ያባብሉልኛል?»

«ሲሏት አብሬያት አለቅሳለሁ። ሌላ የምችለው የለም።»

«እሱ ራሱን መከላከል አይችልም እኮ አባባ! ሞቷል!»

ጌንዞ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ምራቱን ማየት ስላቃተው ወደ ካፒቴኑ ዞረ።

«ቃልዎን አይለውጡ» አለው። «ነገ ጉባኤው ፊት የምናገረው እኔ ነኝ። ልጄ አደጋውን አውቆ ነበር፣ ግን አላስጠነቀቀም፤ እንዲያ አድርጌ ያሳደግሁት እኔ ነኝ እላለሁ።»