የአብሾ ጠባቂ

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ግድም በአንዱ ዓመት፣ በቢቸና ዙሪያ ስንዴውን ዋግ መታው። ጤፉን በረዶ ረገጠው። ከብቱ ከሳ። ለቆሎ ተማሪ ቁራሽ የማይነፍጉ ቤቶች በራቸውን ዘጉ። ከተማሪው ገሚሱ አገሩ ገባ፤ ገሚሱ ረሃብ ሳያባርረው ቅኔውን ቶሎ ሊጨርስ አብሾ ጠጣ። አብሾ አእምሮ ይከፍታል የሚባል የቅጠል መድኃኒት ነው፤ እስኪበርድ ግን ያሳብዳል። አንዱ ተማሪ ከገደል ገባ። ደብሩም ቆረጠ፦ የጠጣ ከጉባኤ ይውጣ፤ የጠጣን ያስጠጋ ከማኅበር ይውጣ።

ዝናቡ ተመለሰ፤ እህሉም ተመለሰ። ክልከላው ግን እንዳለ ቀረ። በኋላ ጎረምሶቹ ይነሣልን አሉና፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ክርክር ተያዘ።

ፋንታ ከሽማግሌዎቹ መካከል ዱላውን ታቅፎ ተቀምጧል። ሞጣ ቅኔ ጀምሮ፣ ሳይጨርስ ወደ ሞፈሩ የተመለሰ ገበሬ ነው። ንግግር አያበዛም። ዛሬ ግን ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል፤ እንዲህ ያለ ሙግት ከሰማ ቆይቷል።

የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪው መንግስቴ ተነሣ። «አባቶቼ፣ ክልከላው ጠጪውን አላጠፋም። ያጠፋው ጠባቂውን ነው። ዱሮ የጠጣ ሰው ከጎኑ ጠባቂ ይቀመጥለት ነበር። ዛሬ ተደብቆ ይጠጣል፤ ብቻውን ያብዳል። በዐዋቂ እጅ ይፈቀድ።»

«ነገ ደግሞ ለጫት መቃሚያ መደብ ስጡን ልትል ነው» አሉ የደብሩ አለቃ ሣህለ ማርያም።

«እርስዎስ አልጠጡም፣ አለቃ?» አለ መንግስቴ።

ጉባኤው ወደ አለቃ ዞረ።

«ጠጥቻለሁ» አሉ። «የምከለክለውም ስለማውቀው ነው።»

«እርስዎ ጠጥተው አለቃ ሆኑ፤ እኛ ስንጠጣ እብድ ተባልን።»

«አንተንማ አብሾም አይከፍትህም» አለ ሽማግሌው ገብረ ኪዳን። «ቁልፉ የጠፋው ገና ስትወለድ ነው።»

ጉባኤው በሳቅ አውካካ። ፋንታም ጢሙን ይዞ ሳቀ።

ሳቁ ሳያልቅ፣ ተማሪዎች የምታስጠጋው ወለተ ሐና ከበሩ ቆመች። «ሙግታችሁ ይቆያችሁ። አካለ ወልድ ጠጥቷል። ጓዳዬ ዘግቼበታለሁ፤ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፣ በሩንም ሊሰብረው ነው። እኔ አቅም የለኝም።»

አካለ ወልድ የሞጣው ገበሬ የቀለሙ ልጅ ነው። ፋንታ ስሙን ሲሰማ ብድግ አለ። ፋንታ ራሱ በተማሪነቱ ሞጣ አብሾ ጠጥቶ ባበደ ጊዜ፣ አገር እንደሚያውቀው፣ ቀለሙ የደረሰ ጤፉን ትቶ እስኪበርድለት ከጎኑ አልተነሣም። ጤፉን ከብት በላው። በምን ልክፈልህ ሲለውም «ብድር በምድር» ብሎ ተወው። የሁለቱም ፀጉር እስኪነጣ ብድሩ አልተመለሰም።

«ማሰሪያ ጠፍር አለሽ?» አለ ፋንታ።

«አለኝ።»

«ማብረጃ እርጎስ?»

«እሱም አይጠፋም።»

«ፋንታ፣» አሉ አለቃ፣ «ክልከላው አልተነሣም። ከማኅበር ትወጣለህ። ስትሞት ማን ይቀብርሃል?»

«የእኔ ሬሳ አይሸሽም፣ አለቃ። ልጁ ግን ወደ ገደሉ ሊሸሽ ነው።»

«አያ ፋንታ፣ አብሬዎት ልምጣ?» አለ መንግስቴ።

«ክንድ ካለህ ና። አፍህን እዚህ ተወው።»

ወለተ ሐና ጓዳ ሲገቡ፣ ልጁ ግድግዳውን በር ነው ብሎ ይገፋል። ፋንታ ከኋላው አቀፈው፤ ተያይዘው ወደቁ። መንግስቴ የልጁን እግር ያዘ። ጉባኤው ለካ ተከትሏቸው መጥቶ አጥሩን ከቧል።

«ፀሐይ አታሳየው!» አለ ገብረ ኪዳን።

«ራሱን አርጥብለት» አለ ሌላው።

«ሲያወራ መልስለት» አሉ አለቃ። «ዝም ያልከው እንደሆነ ይብሳል።»

መንግስቴ እያለከለከ ሳቀ። «ይህ ሁሉ ጠባቂ የት ተደብቆ ኖሯል?»

ፋንታ ቀንም ሌትም ከጓዳው አልወጣም። ልጁ ሲጮህ ያዘው፤ ሲያወራ መለሰለት፤ እርጎውን በማንኪያ አጠጣው። አጥሩ ሥር ሽማግሌ በሽማግሌ ይተካ ጀመር። ክልከላው ተነሥቷል ያለ አልነበረም፤ አለቃ ግን የማኅበሩን ዳቦ ራሳቸው ቆርሰው ለፋንታ ላኩለት።

ወሬው ሞጣ ደርሶ ቀለሙ በበቅሎ ሲመጣ፣ ልጁ በርዶለት ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር።

«አባባ፣ እርቦኛል» አለ።

ቀለሙ የልጁን ዓይን አገላብጦ አየ። ከዚያ እንቅልፍ ወደጣለው ወደ ፋንታ ዞረና ትከሻውን ነካው።

«ተነሥ፣ ቤትህ ገብተህ ተኛ። ከእንግዲህ ብድር የለብህም።»