የጸሐፊው ሰዓት

አባቴ ኤላዲዮ ዕድሜውን የጨረሰው በትልልቅ ድስት ፊት ነው። መጀመሪያ በባቡር ላይ፣ የባቡሩ ምግብ ቤት ሲቀር ደግሞ በአንድ ፋብሪካ ወጥ ቤት። ሕዝቡ ለተቃውሞ ድስት እየደበደበ አደባባይ በወጣበት፣ እኛ ቦነስ አይረስ ውስጥ በሁለት ሳምንት አምስት ፕሬዚዳንት ባየንበት በዚያ ዲሴምበር ፋብሪካው ተዘጋ። አባቴ ፒጃማውን እንደለበሰ መስኮት ሥር ተቀመጠ፤ አምስት ወር አልተነሣም። ማቴ የምንለውን የቅጠል ሻይ ሳፈላለት እንኳ መልሱ "ተይው" ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ቦኤዶ ሰፈር፣ ሴኞራ ዴልፊና ዘንድ ኮከብ ቆጠራ እማር ነበር። ስለ ባልና ስለ ሎተሪ የሚጠይቃትን ታባርራለች። ለእሷ ፕላኔቶች ጥንታዊ ባሕርያት ናቸው፤ ዘመን ሲናወጥ የትኞቹ እንደተገናኙ ማየት ነው ትምህርቱ። ሰዓቱ ስለዞረ አይመሽም፣ ሰማይም ያሳያል እንጂ አያደርግም ትለን ነበር። በዚያ ዓመት ሳተርንና ፕሉቶ ፊት ለፊት ተፋጠዋል፤ አንዱ ግንብና ብረት፣ አንዱ የምድር ውስጥ እሳት። የአገሩን ነውጥ በዚያ ዓይን ሳነበው ፍርሃቴ ቀለል ይለኝ ነበር።

የአባቴን የልደት ኮከብ ካርታ እስክሠራ ድረስ ነው ታዲያ። የተወለደበትን ሰዓት ከልደት መዝገቡ አናት ላይ አገኘሁት፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት። ሁለቱ ፕላኔቶች ለመጨረሻ ጊዜ በትክክል የሚፋጠጡት ሜይ 26 ነው፤ አንዱ የሚያርፈውም እሱ ሲወለድ በምሥራቅ ይወጣ በነበረው ነጥብ ላይ፣ በኮከብ ቆጠራ የሰው ገላ በሚባለው ላይ። አባቴ ይሞታል ብዬ ደመደምኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

የሜይ 25 ብሔራዊ በዓል ሳምንት ሲቀረው የሰፈሩ ጉባኤ ሰዎች መጡ። በዚያ ቀን ሎክሮ፣ ያ የበቆሎና የዱባ ወፍራም ሾርባ፣ ሳይበላ አይዋልም፤ በዚያ ዓመት ግን ቤቱ መሥራት የሚችል ጥቂት ነበር። መንገዱ ዳር በአንድ ድስት ለሁሉም እንዲሠራላቸው ለመኑት። አባቴ ተነሣ። ተላጨ። በዋዜማው በቆሎውንና ባቄላውን ዘፈዘፈ፤ ዱባውን እየመታ ድምፁን አዳመጠ። እኔ ጨካኟ ያን ዕለት ነው ሁሉንም የነገርኩት።

"ከእሳት አጠገብ እንዳትቆም፣ አባዬ።"

"አንቺ ካልሽ" አለኝ፤ ተመልሶ ፒጃማውን ለበሰ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በበዓሉ ጠዋት ወረቀቶቼን ይዤ ሴኞራ ዴልፊና ቤት ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ልክ ነሽ እንድትለኝ ነበር የሄድኩት። መነጽሯን አድርጋ መዝገቡን ጮክ ብላ አነበበችው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ በጸሐፊው ፊት፣ የሕፃኑ አጎት ቀርቦ፣ ትናንት ከሌሊቱ አስር ሰዓት ወንድ ልጅ መወለዱን አስታወቀ ይላል።

"ይሄኮ ጸሐፊው ብዕሩን ያነሣበት ሰዓት ነው" አለች። "አባትሽን ትተሽ የጽሕፈት ቤቱን ካርታ ነው የሠራሽው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።"

እያለቀስኩ ሳቅሁ። ልሮጥ ስነሣ እጅጌዬን ያዘችኝ።

"ሰዓቱ ትክክል ቢሆንስ ኖሮ? ብረትና እሳት ሲገናኙ የታየሽ መቃብር ብቻ ነው? ድስት እሳት ላይ ተጥዶ አይተሽ አታውቂም?"

አፈርኩ። መንገዱን ሁሉ በሩጫ ጨረስኩት።

አባቴ መስኮቱ ሥር ነው። ባቄላው ወጥ ቤቱ ወለል ላይ በተቀመጠው ባልዲ ውስጥ አብጦ አፉ ድረስ ሞልቷል። ተንበርክኬ ስህተቴን ነገርኩት። የፒጃማውን እጅጌ ቁልቁል አየ።

"እንግዲያው በሰው ኮከብ ነዋ ፒጃማ የለበስኩት?" አለ። "በይ፣ ድስቱን በዚያ በኩል ያዢ።"

ለምሳ የታሰበው ሎክሮ የደረሰው ከቀኑ አስር ሰዓት ነው። ብርድ ነበር፤ ሆኖም ሳይበላ ሳህኑን ይዞ የሄደ የለም። ለምን ዘገየህ ላሉት ሁሉ "በጸሐፊው ሰዓት ነው የሠራሁት" ይላቸዋል። ያልገባቸውም ሳቁ። በማግሥቱ፣ በዚያ በፈራሁት ቀን፣ ጎንበስ ብሎ ድስቱን ሲፈገፍግ አገኘሁት፤ የሚቀጥለው የማብሰያ ቀን መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ ለሰፈሩ ዘጠኝ ዓመት አበሰለ። ለእያንዳንዱ ዓመት አመሰግናለሁ፤ ያንን መዝገብ አጥርቶ ለጻፈው፣ ስሙን ለማላውቀው ጸሐፊም ጭምር።

ያረፈው በኦገስት ነው። ሞቱን ላስመዘግብ ስሄድ አንዲት ወጣት ጸሐፊ በመጀመሪያ የራሷን ሰዓት ጻፈች፤ ቀጥላ እሱ ያረፈበትን ጠየቀችኝ። ዝቅ ብዬ ሁለተኛውን መስመር አየሁት፤ ልክ ነበር። ካርታውን ግን አልሠራሁም።

"ሥራ?" አለችኝ። "ጡረተኛ ልበል?"

"ምግብ አብሳይ በይ" አልኳት። ጻፈችው።