ካርታው ላይ ያለው ሜዳ

በከተማው ምክር ቤት የክትትልና ግምገማ ክፍል የምትሠራውን ሴት ባልደረቦቿ “ወይዘሮ ሜትር” ይሏታል። ያልለካችውን አታምንም፤ የለካችውን ደግሞ ማንም አያስለቅቃትም። የከተማው ፕላን “በየሰፈሩ የሚበቃ አረንጓዴ ሜዳ ይኑር” ካለ አምስት ዓመቱ ነው። መሳካቱን ከአየር ላይ በተነሣ ፎቶ፣ አረንጓዴ አረንጓዴውን እየለካች በየዓመቱ የምትጽፈው እሷ ናት። ዘንድሮ ዘጠና ሁለት ከመቶ ብላ ጽፋለች። አለቃዋ በቁጥሩ ተደስቶ ለክፍል ኃላፊነት አጭቷታል፤ ሪፖርቱም ሹመቱም ነገ ይጸድቃሉ።

ጠዋት አክስቷ ደወለችላት።

“የእኔ ልጅ፣ ልጆቹ የሚጫወቱባት ባዶ ቦታ ላይ ፎቅ ሊሠሩ ነው የሚሉት እውነት ነው?”

“እውነት ነው አክስቴ። ሰፈራችሁ እኮ ሜዳ ተርፎታል። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው ብቻ አራት ሺህ ካሬ ነው።”

አክስቷ እስኪያስላት ሳቀች። “አንቺ! እሱ እኮ የመጋዘን ጣራ ነው! አምና አረንጓዴ ቀለም ቀቡት!”

የወይዘሮ ሜትር ጆሮ ጋለ። ሥራዋን ጥላ ሄዳ አየችው፤ ቆርቆሮ ነው። አፈረች፣ በጣም አፈረች። ሌሎቹንም ሰፈሮች በእግሯ ስታዳርስ ውላ ሁለት ተጨማሪ ጣራ አገኘች።

አለቃዋ ነገሩን ሲሰማ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። “ለከርሞ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን። በገዛ እጅሽ ጉድጓድ አትቆፍሪ።”

“ለከርሞማ ፎቁ ይቆማላ!” አለችው። “ያኔ ብንናገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆንብን።”

በማግስቱ ምክር ቤቱ ፊት ቆመች። “ዘጠና ሁለት ያልኩት ስህተት ነው፤ ትክክለኛው ሰባ አንድ ነው። ጣራውን ሜዳ ብዬ የቆጠርኩት እኔ ነኝ።”

አዳራሹ ተንጫጫ። አንድ ሽማግሌ አባል እጃቸውን አወጡ። “ትናንት ሜዳ አልሽን፣ ዛሬ ጣራ አልሽን። የዛሬውንስ በምን እንመንሽ?”

“አይመኑኝ አባቴ። አሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ሄደው በዓይንዎ ይዩት።”

ተያይዘው ሄዱ። ሽማግሌው መጋዘኑ በር ላይ ከሪፖርቱ ጋር የታደላቸውን ካርታ ዘርግተው ዘበኛውን “ይሄ ሜዳ የት ነው?” አሉት። ዘበኛው ካርታውን አየ፤ ቀና ብሎ ደግሞ ጣራውን አየ።

“ልትጫወቱ ከሆነ መሰላል አለ ጋሼ። ኳሷ ከወደቀች ግን እኔ አላቀብልም።”

ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ሽማግሌው ብቻ አልሳቁም። የዚያኑ ዕለት ፎቁ ተሰረዘ፤ ባዶዋ ቦታ ለልጆቹ ተተወች። የወይዘሮ ሜትር ሹመት ግን “ለሌላ ጊዜ” ተባለ። ቅር ሊላት ቢገባም ደስ ብሏት ነበር።

ከአዳራሹ ሲወጡ ሽማግሌው ጠሯት። “ስሚኝ ልጄ፣ ከእንግዲህ ረግጠሽ ያላየሽውን ቁጥር እንዳታመጪብን።”

“እሺ አባቴ” አለች ወይዘሮ ሜትር፣ “የጫማ ግን ይታሰብልኝ!”