ከመስኮቱ ሥር ያለው ማቆሚያ

“ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚለው ተረት፣ እንደ ክርና መርፌዋ ሁሉ፣ ከልብስ ሰፊዋ አይለይም ነበር። ዛሬም እሱኑ ይዛ፣ በጋራ ሕንፃው ቆጣሪ ክፍል ደጃፍ የኤሌክትሪክ ባለሙያውን ታፋጥጣለች።

“የሁሉም ቤት የኤሌክትሪክ ምድጃ ሳይለኮስ ሙከራ አልለውም። መኪናው ያኔ ይሰካ፤ መብራቱ ካልጠፋ እፈርማለሁ።”

“እትዬ፣ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ አያበስልም እኮ።”

“በባሌ ትንፋሽ ዕጣ አልጣጣልም።”

ባሏ የሚተነፍሰው ምድር ቤት ባለው መኝታ ቤታቸው በኦክስጅን ማሽን ነው። የሦስተኛ ፎቁ ሾፌር የኤሌክትሪክ ታክሲውን በግቢው ቻርጅ ለማድረግ ጎረቤቱን ሁሉ የስምምነት ወረቀት አስፈርሟል፤ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ለክፉ ቀን ብላ ከአልጋው ራስጌ የኦክስጅን ሲሊንደር አቁማለች።

“እትዬ በሠርጋቸው ዕለት ሙሽራውንም ሳይፈትሹት አልቀሩም” አለ ሾፌሩ፣ ገመዱን እየሰካ።

“ፈትሼዋለሁ። የረሳሁት ሳንባውን ነው።”

ምድጃዎቹ ተለኮሱ፤ ባለሙያው ማብሪያውን ከፍ አደረገ። ጧ የሚል ድምፅ ተሰማና ሕንፃው ጨለመ።

“ዋናው ፊውዝ ነው የተቃጠለው። ሄጄ ካልገዛሁ…”

የቀረውን አልሰማችም። ሮጣ መኝታ ቤት ስትደርስ ማሽኑ ዝም ብሏል፤ ባሏ አንገቱን አስግጎ አየር ይፈልጋል። ቱቦውን ከሲሊንደሩ ጋር አገናኝታ ቁልፉን አዞረች። ምንም የለም። ባለፈው ስትዘጋው አላጠበቀችው ኖሮ፣ ቀስ በቀስ ተንፍሶ አልቋል። ጎረቤቱን፣ ሽቦውን፣ ባለሙያውን የጠረጠረች ሴት፣ የገዛ እጇን አልጠረጠረችም።

መስኮቱ ተንኳኳ። ሾፌሩ ነው፤ መኪናውን እስከ ግድግዳው አስጠግቶ የኤክስቴንሽን ገመድ ይዟል።

“ይክፈቱልኝ። መኪናው መብራት ይሰጣል።”

“ከራሱ ባትሪ?”

“ከራሱ። አሁን ይቀበሉኝ እትዬ፤ በኋላ ይጠርጥሩኝ።”

ማሽኑ ዳግም ማጉረምረም ጀመረ። የባሏ ከንፈር ወደ ቀለሙ እስኪመለስ እጁን አልለቀቀችም።

“ለመርታት ብለሽ ልትገድዪኝ ነበር” አላት በቀጭን ድምፅ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

ፊውዙ ተተክቶ መብራቱ ሲመለስ ባለሙያው ወረቀቱን ይዞ ገባ።

“እውነትዎን ነበር እትዬ። ለቻርጀሩ ለብቻው መስመር ካልተሳበ አይሆንም።”

“ይሳብ፤ እፈርማለሁ። ማቆሚያው ግን እዚህ ይሁን፣ ከመስኮቴ ሥር።”

ከፈረመች በኋላ ጎንበስ ብላ የባዶውን ሲሊንደር ቁልፍ አጠበቀች።

ባሏ ያረፈው በተከታዩ ዓመት ነው። የዚያን ዕለት መብራት አልጠፋም ነበር፤ መኪናውም ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ነበር።