የተሰፋ በር

ዓሣ መበላሸት ሲጀምር ከሃምሳ ክንድ ይሸተኛል፤ የራሴ ድንኳን መሽተቱን ግን ሚስቴ እስክትነግረኝ አላወቅሁም። አፍንጫም እንደ ሰው ነው፣ የለመደውን አያስተውልም።

አንዋር እባላለሁ። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ጥግ፣ ቀረሶና አምባዛ የሚባሉትን ዓሦች እየሰነጠቅሁ በጨው አደርቃለሁ፤ አባቴም ይህንኑ ሲሠራ ኖሮ ነው የሞተው። ባለቤቴ ኑሰይባ ከሐይቁ ማዶ፣ ከደንቢያ ናት። በስድስት ዓመት ትዳር ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ወርዶባታል። ሁለተኛው የወረደው ወባ ይዟት ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ስምንተኛ ወሩን ሲይዝ እኔ ደስታውን ረስቼ ፍርሃቱን ብቻ ይዤ ነበር የምውለው።

የሰፈራችን የጤና ሠራተኛ የሺአረግ፣ ቤታችን ድረስ መጥታ አዲስ አጎበር ሰጠችን። ያለ አጎበር አንድ ሌሊት እንኳ እንዳታድር አለች፤ የምትናገረው ለእኔ ነበር፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። እሺ አልሁ። ከልቤም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አጎበሩን ወስጄ የዓሣ መስጫዬን አለበስሁበት።

ይህን የሰማ ሰው እብድ እመስለዋለሁ። ሐይቁ ዳር ግን የማያደርገው የለም። መስከረም ሲጠባ ዝንቡ ይበዛል፤ ዝንብ ያረፈበት ዓሣ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ከውስጥ ይተላል። አጎበር ፀሐይና ነፋስ ያሳልፋል፣ ዝንብ አያሳልፍም፤ ለዚሁ ሥራ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ቤታችን በመስኮቱም በበሩም ወንፊት ሽቦ አለው፣ ምን ይመጣል ብዬ ነው። መስጫው ሰፊ ስለሆነ አጎበሩን ከመሃል ሰንጥቄ ዘረጋሁት። ዓሣዬን አንድ ዝንብ አልነካውም።

በእኛ ወግ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው የሴቲቱ እናት ቤት ነው። እናቷ ሐሊማ ከነሐሴ ጀምሮ በየቀኑ እየደወሉ ልጄን አምጣልኝ ይሉኝ ነበር። የመኪናው መንገድ አንድ ቀን ከተከፈተ ሦስት ቀን ይዘጋል፤ ለእርጉዝ ሴት የሚታመን አይደለም። በጥቅምት መጀመሪያ የኑሰይባ አጎት ጋሽ ሸረፈዲን በራሳቸው የሞተር ጀልባ ሊያደርሱን ተስማሙ። በጠዋት ከተነሣን ለመግሪብ እንደርሳለን። ስንነሣ ኑሰይባ አጎበሩን ያዝህ ወይ አለችኝ። ድንኳን ይዣለሁ አልኋት። ስለ አንዱ ጠይቃኝ ስለ ሌላው መለስሁላት፤ እሷም ደግማ አልጠየቀችም።

ድንኳኑ ሁለት ሰው የሚያስተኛ ሰማያዊ ነገር ነው፤ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ለጓደኛዬ ትቶለት፣ እሱም ለእኔ የሰጠኝ። መስኮቱ ወንፊት፣ በሩ ዚፕ። ዓሣ ፍለጋ ራቅ ብዬ ስሄድ ይዤው እሄዳለሁ። ዝናብ ከመጣ ግን ድንኳኑ ውስጥ የሚገባው የደረቀው ዓሣ ነው፤ እኔ ውጭ እመታለሁ።

ከጉማራ ወንዝ አፍ አለፍ እንዳልን እምቦጭ ውስጥ ገባን። እምቦጭ ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ሜዳ ነው፣ አበባው እንኳ ያምራል። ከሥር ግን የሞተሩን መቅዘፊያ ጠምጥሞ አነቀው፤ አንድ ነገር ቀጭ አለና ሞተሩ ዝም አለ። ጋሽ ሸረፈዲን እጃቸውን ውሃ ውስጥ ሰደው ሲዳስሱ ቆይተው የተሰበረ ብረት ይዘው ወጡ። በእንጨት እየገፋን ዳር ደረስን። ዳሩ ከሰው የሚረዝም የውሃ ሣር፣ ደንገል ነው፤ ከደንገሉ ወዲያ ውሃ ያልሸሸው የሩዝ ማሳ። የክረምቱ ሙላት ሰዉን ወደ ከፍታው አባሮት ስለነበር ጭስ የሚወጣበት ቤት አይታይም። ስልኩም መስመር አልነበረውም።

ከቀትር በኋላ አንድ ባለ ታንኳ አለፈ። ታንኳዋ ከቀዛፊው ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው የምትጭነው፤ እርጉዝ ለማሳፈር የምትታመን ስላልሆነች ጋሽ ሸረፈዲን ወጡባትና ብረቱን በማግሥቱ ይዘው እንደሚመለሱ ነገሩን። ከመሄዳቸው በፊት ለብቻዬ ወስደውኝ ኩበት ሰብስቤ እንዳጨስ፣ ደማከሴ ካገኘሁም ቅጠሉን እንድጨምርበት መከሩኝ።

«ይች ዳር ክፉ ናት» አሉኝ። «ከመሸ ውጭ እንዳትቀመጡ። ልጅቱን አደራ።»

ደረቅ ጉብታ ፈልጌ ድንኳኑን ተከልሁ። ካስማውን መትቼ ሳልጨርስ ዝንቡ መጣ። ኑሰይባ ጭንቅላቷን አስገብታ መልሳ አወጣችና እዚህ ውስጥ አልተኛም አለች። ለምን ብላት ይሸታል አለች። ገብቼ አሸተትሁ፤ ምንም። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ፊቷን አዞረች። ዝንቡና ጉንዳኑ ግን እንደ እኔ አልነበሩም፤ እዚያ ድንኳን ውስጥ ያደረ ዓሣ ሁሉ ሸተታቸው። ጉንዳኑ በወለሉ ስፌት በኩል መስመር ሠርቶ ገባ። ድንኳኑን ነቅዬ ሐይቁ ውስጥ ነከርሁት፣ ምሳ ባሞቅንበት እሳት አመድና በያዝናት ሎሚ አሸሁት። መልሼ ስተክለው ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፣ ሸራው ውሃ ያንጠባጥባል፣ ዝንቡም ሄዷል። ዝንቡ የሄደው ግን እጥበቴን ፈርቶ አይደለም፤ ተራው የቢምቢ ሆኖ ነው።

ቢምቢው ከደንገሉ ውስጥ ተነሣ። መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነበር። ኑሰይባን አስገብቼ ዚፑን ሳብሁ፤ ግማሽ ድረስ መጣና ቆመ። ጨው ነው። የስንት ዓመት የዓሣ ጨው ጥርሱን በልቶታል። አስገድጄ ብስበው መያዣው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይላሉ፤ እዚህ የቀደደውም እኔ ነኝ፣ የሚበላብኝም የእኔ ነው። ክፍተቱን በነጠላዋ ወተፍሁት፣ ጋቢ ጨመርሁበት፣ በጀርባዬ ደገፍሁት። በአንዱ በኩል ስደፍነው በሌላው ይከፈታል።

ከዚያ ጭሱን ሞከርሁ። ደማከሴ አላገኘሁም፣ ያገኘሁት ኩበትም እርጥብ ነበር፤ ነፋሱ ዞረና ጭሱ ድንኳኑን ሞላው። ቢምቢው ቀነሰ፣ ልቤም ትንሽ መለስ አለ። ኑሰይባ ግን ማሳል ጀመረች። ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ነው የምታስለው። በመጨረሻ ወጥታ አስመለሳት፤ እስክትጨርስ በእጄ ሳራግብላት ቢምቢው በእጄና በፊቷ መካከል ይገባ ነበር። እሳቱን አጠፋሁት። ልጁን የሚጎዳው ጭሱ ነው ወይስ ቢምቢው ብዬ የምጠይቀው ሰው አልነበረም፤ ብጠይቅም ሁለቱም ነው የሚሉኝ። እንዲህ ሆነን አደርን።

በማግሥቱ ጋሽ ሸረፈዲን አልመጡም። ጠዋት ላይ ቤት የሚታይ እንደሆነ ብዬ ወደ ሩዙ ማሳ ገባሁ። ውሃው ጉልበቴ፣ ቀጥሎ ወገቤ ደረሰ። ዞር ብዬ ሳይ ድንኳኑ ከደንገሉ ኋላ ተሰውሮብኛል። ስሟን ጠራሁ፣ ድምጿ ቀጥኖ መጣ። ከዚያ በላይ ርቄ ልተዋት አልቻልሁም፤ ተመለስሁ። እስከ ዐሥር ሰዓት ሐይቁን ሳይ ዋልሁ። ከዚያ ወዲያ ነፋሱ ስለሚነሣ ጀልባ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ኑሰይባ ክንዷን ገልጣ አሳየችኝ፤ የተነከሰችበትን ዐሥራ አንድ ቦታ ቆጠርሁና ቆጠራውን ተውሁት።

ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ እውነቱን ለመናገር ኮራሁበት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መረብ ስጠግን የኖርሁ ሰው ነኝ። የመረብ መርፌዬና የናይለን ክሬ ከከረጢቴ አይለዩም። ከውስጥ ሆኜ በሩን ብሰፋውስ?

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለታችንም ገባን። ከወለሉ ጀምሬ ወደ ላይ ጥቅጥቅ አድርጌ ሰፋሁት። መስኮቱ ላይ ያለውን ትንሽ ቀዳዳ በቋጠሮ ዘጋሁት። ጠርዙን ሁሉ በጣቴ ዳሰስሁ። ቢምቢው ውጭ ሲጮህ ይሰማል፣ ውስጥ ፀጥታ ነው። ኑሰይባ አበጀህ አለችኝ። ከሁለት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ ተነፈስሁ።

ከዚያ ባትሪውን ወደ ላይ አበራሁት። ጣሪያው ላይ ነበሩ። ቀኑን በሸራው እጥፋትና በጥጋጥጉ ተሸሽገው ውለው፣ ሲመሽ ወጥተዋል። ሃያ ይሁኑ ሠላሳ እንጃ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የእኔ ጅብ ጭራሽ አልሄደም፣ ከሚስቴ ጋር አንድ ላይ ሰፋሁት። ተረታችን ሁሉ የጅብ መሆኑ ያን ማታ ገረመኝ። እዚያ ዳር ጅብ አይቼ አላውቅም። የሚገድለን ይህ ነው፣ እሱ ደግሞ ተረት እንኳ የለውም።

በመዳፌ መታኋቸው። ሸራው ሲመታ ይርገበገባል፣ እነሱ ይነሣሉ፣ መልሰው ያርፋሉ። አንዱን ስጨፈልቀው መዳፌ ደም ሆነ። የእኔ ደም ይሁን የእሷ በባትሪ እያበራሁ ሳይ ቆየሁ፣ የሚለይ ይመስል።

«አንዋር፣ ተው ተቀመጥ» አለችኝ።

ተቀመጥሁ።

«አጎበሩን እኮ አይቼዋለሁ።»

ባትሪውን አጠፋሁት።

«ከዓሣው ላይ። ሰንጥቀኸዋል።»

ለምን ያን ጊዜ እንዳልተናገረችኝ ጠየቅኋት። ድምፄ ለራሴም ባዳ ሆነብኝ።

«አንተው ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅሁ» አለች። «ስንነሣ የጠየቅሁህም ለዚያ ነው።»

ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ኑሰይባ ስትቆጣ ጎረቤት ይሰማል፣ እኔም መልስ አላጣም። ያን ማታ ግን ደክሟት ነበር። እጄን ወስዳ ሆዷ ላይ አደረገችው። ልጁ ከመዳፌ ሥር ገፋ አደረገኝ፣ አንዴ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ። እዚያው አለቀስሁ፤ አላፈርሁም።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ይኸው ሌላ የጅብ ተረት። ጋቢውን፣ ነጠላውን፣ ያለንን ልብስ ሁሉ እሷ ላይ ደረብሁና እኔ ሸሚዜን አውልቄ ከወገቤ በላይ ራቁቴን አጠገቧ ተቀመጥሁ። ሲያርፉብኝ አልመታኋቸውም። ብሉ አልሁ። ጠግባችሁ እሷን ተዉልኝ አልሁ። እሷ ግን ይሞቃታል፤ በእንቅልፏ ትገልጠዋለች፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ትገልጠዋለች። እስከ ፈጅር ያደረግሁት ዱዓ አንድ ብቻ ነበር፤ ያ አላህ፣ በእኔ ይሁን።

ጋሽ ሸረፈዲን ጠዋት መጡ። የተፈለገው ብረት ከተማ ውስጥ ጠፍቶባቸው ነበር የቆዩት። ስፌቱ በእጅ አልፈታ ብሎ ከውጭ በቢላዋ ቀደዱልን። ጀርባዬን ሲያዩ የራሳቸውን ኮት አውልቀው ጣል አደረጉልኝ።

ማታውን ደንቢያ ገባን። ሐሊማ ልጃቸውን አልቅሰው ተቀበሏትና ደህና አጎበር ውስጥ አስተኟት። በማግሥቱ የጤና ባለሙያው ፍቅረ ማርያም ጣቷን ወግቶ መረመራትና ምንም የለም አለ። ቢኖርም ገና አይታይም፣ ከተነከሱ በኋላ ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት ቀን ይፈጃል፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ከተሰማት ቶሎ አምጧት አለ። እስከዚያስ ምን ላድርግ አልሁት። ጠብቅ አለኝ።

ጠበቅሁ። በየጠዋቱ ግንባሯን በእጄ እነካለሁ። በአምስተኛው ቀን እጄን ገፍታ ትኩሳቱስ አንተው ነህ አለችኝ፤ ሐሊማ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ዘጠነኛው ቀን አለፈ። ዐሥረኛውም አለፈ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጥርሴ ተንገጫገጨ፣ ጀርባዬ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የፈሰሰብኝ መሰለኝ። ፍቅረ ማርያም ወግቶ አየና ወባ ነው አለኝ። አልሐምዱሊላህ አልሁ። በትኩሳት የምቀባጥር መስሎት ነው መሰል፣ ኪኒኑን ለእኔ ሳይሆን ለሐሊማ ሰጣቸው። እየተንቀጠቀጥሁ እስቅ ነበር። ዱዓዬ ደረሰ፣ በእኔ ሆነ ብዬ።

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ መደቡ ላይ ተጋድሜ ነበር። ውጭ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ዶሮዎቹ እንኳ ከጥላው አልወጡም። ኑሰይባ ከውስጥ፣ በበሩ በሚገባው ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ለልጁ የተሰፋውን ልብስ ታጣጥፋለች። እጇ ቆመ። ከዚያ ነጠላዋን ወደ አንገቷ ሳብ አደረገችው።

«አንዋር» አለችኝ ቀስ ብላ። «በሩን ዝጋው። በረደኝ።»

ተነሥቼ በሩን ዘጋሁት።