ወራጅ አለ

ቅዳሜ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ መሃድ ፈረሷን ሐመርን ከግቢ ይዟት ወጣ። መሃድ ሰዓቱን እስከ ዛሬ ያልረሳው፣ አባቱ ዒጋል የእጅ ሰዓቱን አይቶ፣ «አንድ ከሩብ! የከዚራ ሰፈር ደንበኞቼን የማደርስበት ሰዓት» ስላለ ነው።

ዒጋል ድሬዳዋ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጋሪ ነድቷል። ባጃጅ መጥቶ ገበያውን ሲወስድበት ጋሪውን ሸጠ፤ የመጨረሻዋን ፈረሱን ሐመርን ግን ማንም ቢለምነው እምቢ አለ። ይባስ ብሎ ልጁ የባጃጅ ሹፌር ሆነ። «የእንጀራዬን ባላንጣ እኔው ወለድኩት» እያለ በሰው ፊት ያሾፍበታል። ባላንጣው ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ እየተነሳ፣ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሐመርን ግልቢያ ሲያለማምድ ከርሟል።

ዒጋል ለሁለት ቀኑ የፈረስ ውድድር የፈቀደው በአንድ ውል ነው። «ሰው ከሳቀባት ያኔውኑ ጭኜ ገጠር፣ ዋሂል እህቴ ጋ እወስዳታለሁ። ሁለተኛ ሜዳ አትረግጥም። ሠርታ ያበላችን ፈረስ መሳቂያ አትሆንም» ብሎ ነበር።

ሜዳው ከሳቢያን ሰፈር ወዲያ ነው። የዒጋል እህት ሃሊሞ ሁለቱን ቀን እዚያው ለመዋል ከዋሂል በአይሱዙ መጥታ፣ ምንጣፍ አንጥፋ፣ ሸራ ወጥራ፣ በወተት የፈላ ሻይ በሁለት ፔርሙስ ሞልታ ጠበቀቻቸው። የመሃድ እህት ኪንሲ ሳምቡሳ በሳፋ ይዛ ሜዳውን ስታየው፣ «ወላሂ አገር ነው የወጣው!» አለች። እውነትም አገር ወጥቷል። ልጓማቸው በቀይ ክር የተጎነጎነ ፈረሶች አሸዋውን እየጫሩ ያሽካካሉ።

ዋበሪ የተባለው የጀልዴሳ ጋላቢ በነጭ ፈረሱ አጠገቡ መጥቶ ቆመ።

«ወርያ መሃድ! ጋሪውን የት ጣልከው?»

«ከኋላህ እየመጣ ነው፤ ተጠንቀቅ!»

የውድድሩ ሕግ ቀላል ነው። ጋላቢው ከሜዳው ጫፍ በሙሉ ግልቢያ ይመጣል፤ ዳኛ ሽማግሌዎቹ ፊት በኖራ የተሰመረ መስመር አለ፤ ሳይረግጠው ከሁሉ ይበልጥ ቀርቦ የቆመ ያሸንፋል። የመሃድ ተራ ሲደርስ ሐመር እንደ ጥይት ተወነጨፈች። ገና የሜዳው እኩሌታ ላይ ሳሉ ከዋበሪ ጓደኞች አንዱ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፦

«ወራጅ አለ!»

ሐመር በአራት እግሯ ቀጥ አለች። መሃድ አንገቷ ላይ ተንጠለጠለ። ጆሮዋን ቀስራ፣ ተሳፋሪው እስኪወርድ ትጠብቃለች።

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ጩኸቱ ከተመልካች የመጣ ስለሆነ የሽማግሌዎቹ አለቃ ሐጂ ዋይስ፣ «ነገ ይድገም» ብለው ፈረዱ። ዒጋል ግን ከዘራውን ይዞ ተነስቶ ልጓሙን ጨብጧል።

«ጨረስን። ወደ አይሱዙው።»

«አባ፣ ነገ እኮ ...»

«ሳቁባት አይደል?»

ሃሊሞ መንገዱ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። «አንተ ሰውዬ! መጀመሪያ የሳቅከው አንተ ነህ። ጥርስህን ቆጥሬዋለሁ!»

ዒጋል ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ሳቁ ሳል ሆነበት፤ ኪንሲ ሻይ እስክታቀብለው ትንፋሹ አልተመለሰም።

«እንደ ድሮው እኮ ነው የቆመችው» አለ ዓይኑን እየጠረገ።

«ነገ ጆሮዋን በጥጥ እንድፈነው» አለች ኪንሲ።

«ጆሮዋን አትንኩ!» አለ ዒጋል። «አንተ የባጃጅ ሹፌር፣ ና ወዲህ። ዱርዬ በየመንገዱ በውሸት ወራጅ እያለ ሲያስቆመን ምን አደርግ የነበረ ይመስልሃል?» ምላሱን ላንቃው ላይ ሁለቴ አጮኸ፤ ቋ፣ ቋ። «ይሄ፣ ‘ቀልድ ነው፣ ሂጂ’ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ስታለማምዳት አንዴ መች ጠየቅከኝ?»

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቤተሰቡ በየተራ ወራጅ ሲል፣ መሃድ ቋ ቋ ሲል ዋለ።

እሁድ ሕዝቡ እጥፍ ሆኖ መጣ፤ ወሬው ከተማውን አዳርሶታል። ሐመር ገና ስትነሳ ጩኸቱ ከቀኝ መጣ። ቋ፣ ቋ! አለፈች። ከግራ መጣ። ቋ፣ ቋ! ጭራሽ ፍጥነት ጨመረች። የሚያሾፉት ራሳቸው ማጨብጨብ ጀመሩ። መሃድ በደስታ ሊያብድ ደረሰ፤ ነጩ መስመር እየተንደረደረ ሲመጣበት ግን ልጓሙን ሳበ፤ ሐመር አልሰማችውም። ደግሞ ሳበ። ሂጂ ሲላት የቆየ ሰው አሁን ቁሚ ቢላት እንዴት ትመን?

በዚህ ጊዜ ከሽማግሌዎቹ ጀርባ አንድ ሻካራ ድምፅ ወጣ፦

«ወራጅ አለ!»

ሐመር ቆመች። የመሃድ ቀኝ እግር እንኳ የባጃጁን ፍሬን ፍለጋ አየር ረገጠ። አቧራው ሲበተን የፈረሷ ኮቴና ኖራው መካከል አንድ ስንዝር ቀርቷል።

«ከውጭ ነው ያስቆሟት!» ብሎ እስከዚያ ድረስ ሲመራ የነበረው ዋበሪ ጮኸ።

«እውነት ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛ ናት» አሉ ሐጂ ዋይስ፤ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸዋል። «አንደኛው ያንተ ነው። ግን አቦ፣ እንዲህ ያለ አቋቋም አይተህ ታውቃለህ?»

ሜዳው በሙሉ ይስቃል፤ ያፏጫል፤ ጮኾ ያስቆማት ዒጋልም አብሮ ይስቃል። በከዘራው እየተደገፈ መስመሩ ድረስ መጣና የሐመርን ግንባር አሻሸ። መሃድ ወርዶ አባቱን ኮርቻው ላይ አወጣውና ልጓሙን ያዘ።

«የት ላድርስህ ጌታው?»

«ከዚራ። ቶሎ በል፣ ባጃጅ እንዳይቀድመን!»

ዒጋል በዚያው ዓመት ሰኔ 3 ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት ዐረፈ። ሐመር ጌታዋ ካለፈ ወዲህ ዋሂል፣ ሃሊሞ ዘንድ ናት።