በየሰከንዱ የሚያንኳኳው

ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ነጥብ ቀልቷል። አያትየዋ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና መልሳ አጠለቀች። ያው ቀይ ነው። ከነጥቡ ሥር «መልስ የለም» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ ደግሞ «መልስ የለም»፤ ደግሞ ሌላ፤ እየተደረደረ ወደ ታች ይወርዳል።

ተነሣች። ተቀመጠች። ከስፌት መኪናው ላይ የጀመረችውን የትራስ ልብስ አንስታ መርፌው ላይ ክር ልታስገባ ሞከረች፤ ክሩ አልገባ ሲላት ወረወረችውና ስልኳን አነሳች። የልጅቱ ስልክ አሁንም ዝግ ነው።

ልጅቱ የልጅ ልጇ ናት፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ በእቅፏ ያሳደገቻት። አምና እጮኛዋን «በቃኝ» ብትለው እሱን አልበቃው አለና በር ላይ መቆም፣ ከሥራ ስትወጣ መከተል፣ በማታውቀው ቁጥር መደወል ሥራው ሆነ። ልጅቱም ስልኳን ቀይራ፣ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ፣ የት እንዳለች ለአያቷና ለአጎቷ ብቻ ነግራ ሄደች።

አጎትየው የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ያልተበላሸውንም ካልፈታ እንቅልፍ ስለማይወስደው ሰፈሩ «መፍቻው» ይለዋል። ልጅቱ ቤት ኢንተርኔት ስታስገባ፣ ከሩቅ ሆኖ እንዲጠግንላት ብሎ ለመስመሯ ስም አወጣለት። አያትየዋ ይህን ስትሰማ ነገሩ ከጭንቅላቷ አልወጣ አለ።

«ስም ካለው ይጠራል ማለት ነው?»

«ይጠራል። ፒንግ ይባላል።»

«ሲጠሩት አቤት ይላል?»

«ይላል።»

«እንግዲያው እኔም ከዚህ ሆኜ ልጥራው።»

መስመሩን የሚጠራው ትንሽ ፕሮግራም ሳሎኑ ጥግ ያለው ኮምፒውተር ላይ የተጫነው እንዲህ ሆኖ ነው። መልስ ሲመጣ ነጥቡ አረንጓዴ፣ ሲጠፋ ቀይ። መጀመሪያ በየሰዓቱ ነበር የሚጠራው። «በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጉድ ይሆናል» አለችው። በየደቂቃው አደረገላት። «ደቂቃም ለክፉ ሰው ብዙ ነው» ስትለው፣ መፍቻው ከንዝንዙ ለመገላገል ሲል በየሰከንዱ አደረገው። ለልጅቱ አልነገሯትም። የሰው ዓይን ሸሽታ ለሄደች ልጅ፣ እኛም አንድ ዓይን ተከልንብሽ ብሎ መንገር ከየት ይጀመራል?

ሲደወልለት መፍቻው የሱቁን ጋውን ሳያወልቅ መጣ። «ተቀመጪ እማዬ። አናቴ ላይ አትቁሚ፣ ትንፋሽሽ ፀጉሬን እያበጠረው ነው።»

«ያለህን ፀጉር ነው?» አለችው፤ ግን አልተቀመጠችም።

መጀመሪያ መደርደሪያው ላይ ያለውን የራሳቸውን ራውተር ጠራ። መለሰ። ቀጥሎ ውጭ ያለ አንድ ድረ ገጽ ጠራ። እሱም መለሰ።

«የኛ መስመር ደህና ነው።»

«የኛን ማን ጠየቀህ?»

«በተራ ነው የሚሄደው። አሁን ስሟን ሰጥቼ አድራሻዋን ልጠይቅ።» ጣቶቹ ተንጣጡ፤ ረጅም ቁጥር ወጣ። «ይኸው። ስሟ ይታወቃል። ይሄ ቁጥር ደግሞ ዛሬ ጠዋት የታደሰ ነው፤ የሚያድሰው እሷ ቤት ያለው ራውተር ነው። መብራቱም መስመሩም አለ ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን አቤት አይልም?»

መፍቻው ከንፈሩን እየነከሰ እሱ ብቻ በሚገባበት በጥገናው በር ሞከረ። ወዲያው ተከፈተለት። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ።

«እኔን ያናግረኛል። ፒንግ ስናደርገው ብቻ ነው ዝም የሚለው። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ እማዬ። ሰው ነው ‹አትመልስ› ብሎ ያዘዘው።»

«እሷ ቤት ገብቶ የሚያዝ ማነው?»

«እሷ ራሷ ልትሆን ትችላለች» አለ፤ ድምፁ ግን አላገዘውም።

«ስለዚህ ነገር ምኑንም የማታውቅ ልጅ? እሱ ነው። አግኝቷታል።» ሹራቧን ከወንበሩ ላይ መነጨቀች። «አውቶቡስ ተራ አድርሰኝ።»

«በዚህ ሰዓት የሚነሣ የለም።»

«አንተ አድርሰኝ፣ መነሣቱን ለኔ ተወው።»

ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው። ያ ሰውዬ ካስቸገራቸው ወዲህ እዚህ ቤት የማይታወቅ ቁጥር አይነሣም። ጮኾ ጮኾ ቆመ። እንደገና ጀመረ።

«አንሺው» አለ መፍቻው። «እሱ ከሆነ ለኔ ስጪኝ።»

«እማማ፣ እኔ ነኝ» አለች ልጅቱ። «በባልደረባዬ ስልክ ነው፤ የኔን አጥፍቼዋለሁ። ብዙ አላወራም።»

«ደህና ነሽ የኔ ልጅ?»

«አግኝቶኛል።»

አያትየዋ ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። «መጣ እንዴ?»

«አልመጣም። በኢንተርኔት ነው። ቤቴን ቀን ከሌት የሚያንኳኳ ሰው አለ፣ በየሰከንዱ። መሥሪያ ቤት ያለው የኔትወርክ ሠራተኛ ነው የቤቴን መስመር ሲያይልኝ ደርሶበት የነገረኝ። ከየት ነው ብሎ አድራሻውን ሲፈልግ ከከተማችን ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በላይ አያሳይም። ዛሬ ከሰዓት እንዳይመልስለት አስዘጋሁት፤ ቢዘጋበትም ማንኳኳቱን አልተወም። ይሄ እብድ ነው እማማ። ጤነኛ ሰው እንዲህ አያደርግም።»

የልጅቱ ድምፅ እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ ይሰማል። መፍቻው የቁልፍ ሰሌዳውን አተኩሮ ማየት ጀመረ፤ ጆሮው ቀላ።

«ዛሬ ቤቱን እለቃለሁ። ዕቃዬን አስሬአለሁ። የት እንደምገባ ላንቺም አልነግርሽም፤ አንቺን ተከትሎ እንዳይደርስብኝ። እንዳትቀየሚኝ።»

አያትየዋ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ለመፍቻው በእጇ ምልክት ሰጥታ ማስጠፋት ትችላለች፤ ማንኳኳቱ ይቆማል፣ ማንም ምንም አያውቅም። ልጅቱ ግን ትሄዳለች። የት እንደሆነ ሳይታወቅ ትሄዳለች።

«ልጄ» አለች፣ «እብዷ እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ?»

«የማንኳኳው እኔ ነኝ። ከሳሎን። ደህና መሆንሽን እንዳይ ብዬ።»



«በየሰከንዱ?» አለች ልጅቱ።

«በየሰከንዱ ያደረገው አጎትሽ ነው።»

«እማዬ!» አለ መፍቻው።

«እኔ ነኝ ያስደረግሁት» አለች አያትየዋ ቶሎ ብላ።

«መጋረጃ ከገለጥኩ ስንት ጊዜዬ መሰለሽ። ከሥራ የምወጣው በጓሮ በር ነው። ለምን አትደውዪልኝም ነበር?»

«እንዳላስጨንቅሽ ብዬ።»

ልጅቱ አንድ ድምፅ አወጣች፤ ለቅሶ ይሁን ሳቅ አልለይ አለ። ከዚያ «አጥፉት» አለች። «አሁን፣ እየሰማሁ።»

መፍቻው እጁን ዘረጋና እናቱን ቀና ብሎ አያት።

«ከጠፋ ወዲያ» አለች አያትየዋ፣ «ደህና መሆንሽን በምን አውቃለሁ?»

«ስደውል ነዋ።»

«ሳትደውዪ ብትውዪስ?»

«ትጨነቂያለሽ እማማ። ሌላ ምን ይደረጋል?»

አያትየዋ መስኮቱን አየች፤ ስፌት መኪናውን አየች፤ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። መፍቻው ማጥፊያውን ተጫነ። ይወርድ የነበረው ጽሑፍ ቆመ፤ ነጥቡም ቀለም አልባ ሆነ። ልጅቱ አጠገቧ ላለ ሰው አንድ ነገር ስትናገር ተሰማች፤ «ቆሟል» የሚል የወንድ ድምፅ መለሰላት።

«ቤቱንስ ትለቂያለሽ?»

«አለቅም» አለች ልጅቱ። ድምጿ ደክሟል። «ያን ሁሉ ዕቃ መልሼ ልፈታ ነው።»

«በሩን ግን ትቆልፊያለሽ?»

«እማማ።»

«እሺ፣ ዝም አልኩ።»

የልጅቱ ትንፋሽ ይሰማታል፤ ስልኩን ወደ ጆሮዋ ይበልጥ አስጠጋችው።

«እማማ፣ ስልኩ እኮ የሰው ነው።»

«አውቃለሁ» አለች አያትየዋ፤ አልዘጋችውም።